ከምንይሉ በላይ ያለው መስመር

ራቤል፣ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጽናት ብሩ፣ ዓለም ከተማ

ስለ ጤናዬ ከጠየቅሽ ጉልበቴን ያመኛል፣ ሌላው ደኅና ነው። ስለ በጎቹ ከጠየቅሽ ሁለቱ ወልደዋል። ስለ ኮምፒውተሩ ግን ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር።

«አዲሱ ሲስተም እንዴት ነው ጋሼ፣ ፈጠነልዎት?» ብለሽ በሹፌሩ የላክሽውን ወረቀት አግኝቻለሁ። አዎ ፈጥኗል። ድሮ እሱ እስኪከፈት ውዳሴ ማርያም አደርስ ነበር፣ አሁን አማትቤ ሳልጨርስ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ከፍቶ የሚያሳየኝን ግን ብታዪው ታፍሪ ነበር። ያ ሁሉ የትውልድ ቆጠራ፣ አባቴ መርጌታ ኪዳነ ወልድ አርባ ዓመት በደብተር የጻፉት፣ እኔ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ በሁለት ጣት የተየብኩት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል አልቀረለትም። የፈረንጅ ፊደል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የጥያቄ ምልክት፣ እንደገና የፈረንጅ ፊደል። የአያትሽን ስም ስፈልግ ሁለት ቅንፍና አንድ የዶላር ምልክት አገኘሁ።

ደብተሩን አይጥ እንደበላው ታውቂያለሽ። «ግድ የለም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ» ብለን የተጽናናነው አንቺና እኔ ነን። ለፋሲካ መጥተሽ «ይሄ አርጅቷል፣ ፎርማት ላድርግልዎት» ስትይኝ አሮጌው እኮ ምንም አላለኝም ነበር። ዝግ ይላል እንጂ ይሠራል፣ እንደኔው። እሺ ያልኩት አንቺን ደስ ይበላት ብዬ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከቀየት ሁለት ሰዎች በእግራቸው መጡ። ልጅ ሊድሩ ነው። እንደ ልማዱ ሰባት ቤት መሙላቱን አስቆጥረው ሊሄዱ ፈልገዋል፣ ሰባት ካልሞላ ዝምድና ነውና ጋብቻ የለም። ከፈትኩ፣ አየሁ፣ ዘጋሁ። «መብራት የለም፣ ሌላ ቀን ኑ» አልኳቸው። አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። አንደኛው ቀና ብሎ አየውና ዱላውን አንስቶ ወጣ። በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ሰው ሸኘሁ።

ጠፋ ወይስ አለ? ምን ላድርግ? ቶሎ ጻፊልኝ። ኔትወርኩ እንደሆነ የሚመጣ አይመስልም።

ለእህትሽ ለሰብለወንጌል ሰላም በይልኝ። ካልወደደች ተይው።

አጎትሽ መኳንንት ኪዳነ ወልድ


ዓለም ከተማ፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መኳንንት

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

«ጠፋ ወይስ አለ?» ላሉኝ፣ አለ ጋሼ። ፎርማት ሳደርግ ፋይሉን አልነካሁትም፣ አንድም ስም አልጠፋም። እርስዎ የጻፉበት የአማርኛ ፎንት የድሮ ነው፣ አዲሱ ሲስተም አያውቀውም። ስለማያውቀው የመሰለውን ያሳይዎታል እንጂ ከሥሩ ጽሑፉ እንዳለ ነው።

እኔ የምሠራበት የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ያ ፎንት ያለበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፣ የድሮ ማመልከቻ የሚያስቀዳ ሲመጣ ብቻ ነው የምንከፍተው። ከዚያ ፎንቱን ወስጄ ከመመለሻ ፕሮግራም ጋር በፍላሽ ልኬልዎታለሁ። ሲሰኩት ይጠይቅዎታል፣ የመጀመሪያውን ይጫኑ፣ ከዚያ የቀድሞውን ሲስተም ከነፎንቱ ራሱ ይመልሰዋል። አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። እባክዎ ጋሼ፣ መቶ እስኪሞላ እንዳያጠፉት። በመሐል ከጠፋ ጨርሶ አይነሳም።

ሰብለወንጌል ደኅና ናት። ሽንኩርቱን ትታ የእህል ንግድ ጀምራለች። ሰላምታዎን ነግሬያታለሁ። የምትለውን ያውቁታል፣ «ስድስት ብለውኝ የለ» አለችና ሚዛኗን ማስተካከል ቀጠለች። አንዷለምን ልታገባ ሽማግሌ ተልኮ፣ እርስዎ ቆጥረው «ስድስት ነው፣ አይሆንም» ያሉ ጊዜ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ባል አግብታ፣ ሁለት ልጆች ወልዳም ቂሙን አልተወችውም።

ሌላም የምነግርዎት ነገር ነበረኝ። በደብዳቤ አይሆንም፣ ይቆይ።

ልጅዎ ጽናት


ራቤል፣ ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጽናት

እንዳልሽው አድርጌያለሁ። እንዳልሽው ያላደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም በበቂ ምክንያት ነው።

ማክሰኞ ሰኔ 11 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፍላሹን ሰካሁ። ጠየቀኝ፣ የመጀመሪያውን ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ መቁጠር ጀመረ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ላይ ሠላሳ ሁለት ደረሰ። በጎቹን አስገብቼ ስመለስ ሃምሳ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ስልሳ አንድ ላይ ቆሟል።

የማግስቱ የሰኔ ሚካኤል ነው። በዚህ ቤት ከዋዜማው ፀሐይ ከጠለቀች ወፍጮ አይዞርም፣ እንዝርት አይሾርም፣ አባቴ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ። ታዲያ አንድ ብረት ጓዳዬ ውስጥ እያጉረመረመ በመልአኩ ዋዜማ ሥራ ሊሠራ ነው? ለእሱ ብቻ ማን ፈቀደለት? ትንሽ ታገስኩት፣ ስልሳ ሁለት አለ። «በቃህ፣ ቀሪውን ከነገ ወዲያ ትጨርሳለህ» አልኩና ነቀልኩት።

በ13 ሰካሁት። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከላይ በግራ በኩል አንዲት ነጭ ሰረዝ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ይኸው ነው። 

አትሳቂ። ደግሞም አትቆጪኝ፣ የተቆጣሁት ይበቃኛል። ባትነቅሉት ኖሮ ትይኛለሽ፣ እኔ ግን ዛሬም ቢሆን በሚካኤል ዋዜማ እነቅለዋለሁ። ያናደደኝ ይኸኛው ራሱ ነው፣ ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ አላገኘሁትም።

ሬዲዮ ጠጋኙ ፈትቶ ሃርድ ዲስኩን አወጣልኝ። ከአሮጌ የበግ ጠጉር ባና ቆርጬ ጠቅልዬዋለሁ፣ ብርድም ግጭትም አያገኘው። በዚህ ሹፌር እጅ ይደርስሻል። በዚያ በአሮጌው ኮምፒውተር ክፈችና የቀየቶቹን ቆጥረሽ ላኪልኝ፤ የወንዱንና የሴቷን ስም ከነአያቶቻቸው ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ። የክርስትና ስማቸውን አይተሽ አመሳክሪ። የክርስትና ስሙ ያልተጻፈ ሰው እኔ ዘንድ ገና አልገባም፣ ታውቂዋለሽ።

ከእንግዲህ ያ መዝገብ ያለው አንቺ እጅ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። 

ይቆይ ያልሽውን ነገር አልረሳሁትም። ምንድነው?

መኳንንት


ዓለም ከተማ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መኳንንት

ዲስኩ ከነባናው በሰላም ደርሷል። ሹፌሩ ጠቦት የያዘ መስሎት ነበር።

ሳቅሁ ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። ከዚያ አፈርኩ። የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ ስነግርዎት ቀኑን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እርስዎ ቤት አድጌ ሰኔ 12ን ከረሳሁ ጥፋቱ የማን ነው?

በአሮጌው ኮምፒውተር ተከፍቷል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አማርኛ ነው። የቀየቶቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። በሴቷ በኩል ስምንት፣ በወንዱ በኩል ሰባት። የክርስትና ስማቸውም ይገጥማል። ይዳሩ፣ ይጋቡ።

ለእርስዎ የሚሆን ኮምፒውተር እስካገኝ ዲስኩ እኔ ዘንድ ይቆይ። በፍላሽም ገልብጬ ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ለጠየቁኝ ነገር መልስ አልያዝኩም። ማለቴ ይዣለሁ፣ ግን እንዴት እንደምጽፈው አላወቅሁም። ይቅርታ።

ልጅዎ ጽናት


ራቤል፣ ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጽናት

የቀየቶቹን ነገርኳቸው። አንደኛው ደግሞ ወደ አምፖሉ ቀና ብሎ «መብራት መጣ?» አለኝ። የሚገባኝን ነው ያገኘሁት።

አንቺ የምትጽፊበት መንገድ ቢጠፋብሽ መልሱ በራሱ መንገድ መጥቷል። በሐምሌ 15 ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቤቴ ገቡ። «ልጃችን ደመላሽ ዓለም ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል። እናቱ የዚሁ የግሼ ሰው ናት። ከእርስዎ ልጅ ጋር ተዋደዋል። ለጥያቄ ከመምጣታችን በፊት ይቁጠሩልን» አሉኝ። የእኔ ልጅ የሚሏት ማን ናት ብዬ ግራ ገባኝ። ስምሽን ሲጠሩ ነው የገባኝ።

ለምን ከሰው አፍ እሰማለሁ? ተቆጥቼ ነበር፣ ሁለት ቀን ሳልጽፍ የቆየሁት ለዚያ ነው። ከዚያ ሰብለወንጌል ትዝ አለችኝና ቁጣዬ በረደ። እኔን ብትፈሪኝ አይፈረድብሽም።

አሁን ስሚኝ። የእኛን ቤት በቃሌ አውቀዋለሁ። የእነሱን ግን አላውቀውም፣ ሁለታችሁ የት ላይ እንደምትገናኙም አላውቅም። የሚያውቀው ፋይሉ ነው፣ ፋይሉ ደግሞ አንቺ ዘንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ነሐሴ መጨረሻ ይመለሳሉ።

ቆጥረሽ ላኪልኝ። አንቺ የጻፍሽልኝን ነው የምነግራቸው፣ ከዚያ ሌላ የማመሳክርበት የለኝም።

መኳንንት


ዓለም ከተማ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መኳንንት

እንኳን ለጾመ ፍልሰታ አደረሰዎ።

ደብዳቤዎን ካገኘሁ ስድስት ቀን ሆኖኛል። አምስት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ፣ ይሄ ስድስተኛው ነው።

ቆጥሬያለሁ። ግን አሁን አይደለም የቆጠርኩት፣ ለፋሲካ ነው። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ፋይሉን ከፍቼ የደመላሽን የእናቱን ቤት ፈለግሁ። በወልደ ጻድቅ ላይ እንገናኛለን። በእሱ በኩል ሰባት ይሞላል። በእኔ በኩል ብሩ፣ ኪዳነ ወልድ፣ ምንይሉ፣ ገብረ ክርስቶስ፣ ፈንታ፣ ወልደ ጻድቅ። ስድስት። ሰብለወንጌልን ያስቀራት ያው ስድስት።

ኮምፒውተሩን ፎርማት ላድርግልዎት ያልኩት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ሲስተም ሲቀየር ፎንቱን ቀድሞ በፍላሽ መያዝ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፣ የማድረው በዚሁ ሥራ ነው። አልያዝኩትም። ረስቼው ነው ወይስ ሆን ብዬ ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ጋሼ፣ እኔም ራሴን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ፊደሉ ሲበታተን ግን ልቤ ያዘነውን ያህል ቀለል ብሎት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለደመላሽም።

ዲስኩ ሲመጣልኝ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣብኝ። ቀየቶቹን ከቆጠርኩ በኋላ ወደ እኛ ገጽ ሄድኩ። ከምንይሉ በላይ ጠቋሚውን አቁሜ አንድ ባዶ መስመር ከፈትኩ። አንድ ስም ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ማንም ስም ቢሆን ይሞላል። ደብተሩ የለም፣ እርስዎ የሚያመሳክሩበት የለም፣ ሽማግሌዎቹም የሚያምኑት እርስዎን ነው። ሱቁ እስኪዘጋ እዚያው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ።

መስመሩን መልሼ ዘጋሁት። አባቴ ሲሞት እርስዎ ነዎት ያሳደጉኝ፣ በእርስዎ መዝገብ ውስጥ የሌለ ሰው ፈጥሬ አላገባም። ደመላሽን እወደዋለሁ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፣ እወደዋለሁ።

ስድስት ነው ጋሼ። ይንገሯቸው።

ጽናት


ራቤል፣ ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ፎንቱን ረሳሽውም፣ ሆን ብለሽም አልያዝሽውም፣ ይቅር ብዬሻለሁ። እኔ ከዚያ የሚበልጥ አለብኝ።

በዚያ ገጽ ላይ መስመር ጎድሏል። አንቺ ጠቋሚውን ያቆምሽበት ቦታ ላይ፣ ከምንይሉ በላይ። ምንይሉ የገብረ ክርስቶስ ልጅ አይደለም፣ የልጅ ልጅ ነው። ገብረ ክርስቶስ ይዘንጋሽ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። ባል ሳታገባ በአባቷ ቤት ወለደች። ነውር እንዳይሆን አባቷ ሕፃኑን የራሱ ልጅ አድርጎ አስጠራው፣ እሷም የገዛ ልጇን ወንድሜ እያለች ኖራ ሞተች። አባቴ ይህን ያውቁ ነበር። ደብተሩ ላይ በእጃቸው ጽፈውት ነበር። በ1998 ሊያርፉ ሲሉ ያቺን አንድ ቅጠል ከደብተሩ አስነቅለው ሰጡኝና «በአንተ ይቅር» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ስተይበው ዘለልኩት።

ሰብለወንጌል ሽማግሌ ያስላከች ጊዜ ቅጠሏ ዳዊቴ ውስጥ ነበረች። ስድስት ብዬ ስፈርድባት ሰባት መሆኑን አውቅ ነበር። ለአባቴ ቃል ሰጥቻለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። የአገሩን ሁሉ ቤት ስንቆጥር የኖርን ሰዎች የራሳችንን አንድ ቤት ደብቀን መገኘታችንን ፈራሁ። ልጅቷ አለቀሰች፣ አንዷለም አገር ለቆ ሄደ፣ እኔ ስሜን ጠበቅሁ። አሥራ አንድ ዓመት ዳዊት በደገምኩ ቁጥር ያቺን ቅጠል ገልጬ አልፋለሁ።

አንቺ እኔ በሌለሁበት፣ ማንም በማያይሽ ቦታ፣ የሌለ ስም ልትጽፊ ችለሽ አልጻፍሽም። እኔ ያለውን ስም አልጻፍኩም። ደብዳቤሽን ሳነብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለምን እንደምደብቅሽ አይገባኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ካህናቱና የአገሩ ሽማግሌዎች ባሉበት ቅጠሏን አውጥቼ አነበብኩላቸው። የአባቴን የእጅ ጽሑፍ ሁሉም ያውቁታል፣ ተቀባብለው አዩት። ቄሱ በጣታቸው ቆጥረው «ሰባት ሞልቷል» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብቻ «መኳንንት፣ ያኔ ይህ ወረቀት የት ነበር?» አለኝ። «ዳዊቴ ውስጥ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ከእንግዲህ ቆጠራውን እኔ እንድይዘው አይፈልጉ ይሆናል፣ እሱንም እቀበላለሁ።

የደመላሽ ሰዎች ተነግሯቸዋል። በጥር ይሁን ብለዋል።

አሁን መስመሩን መልሰሽ ክፈችው። ከምንይሉ በላይ፣ ከገብረ ክርስቶስ በታች፣ ይዘንጋሽ ብለሽ ጻፊ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው።

ከዚህ ጋር የታሸገ ሌላ ወረቀት አለ። እሱ ያንቺ አይደለም፣ ለእህትሽ ነው። እኔው ራሴ የጻፍኩትን ራሷ ታንብበው። ካልተቀበለችሽ አትለምኛት።

አጎትሽ መኳንንት


ዓለም ከተማ፣ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መኳንንት

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ።

ይዘንጋሽን ጽፌያታለሁ። ወለተ ሚካኤልንም። ደመላሽ አጠገቤ ነበር፣ ስተይብ ወጥቶ ቆሞ ተመለሰ። በጥር እርስዎ ካልመጡ ሠርግ የለም ብሏል፣ እኔም እንዲሁ።

የታሸገውን ለሰብለወንጌል ሰጠኋት። እህል እየሰፈረች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝና ጓዳ ገባች። ገበያተኛ መጥቶ ቢጣራ አልወጣችም፣ እኔው ሰፍሬ ሰጠሁ። ምን እንደጻፉላት አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሱቁ መጣች። እዚህ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ገብታ አታውቅም። «አሳዪኝ» አለች። አሮጌውን ኮምፒውተር ከፈትኩላት። እስኪከፈት ድረስ ቆማ ጠበቀች። ይዘንጋሽ የሚለውን አነበበች፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «እኔ የት ነኝ?» አለች። ወደ ታች ወረድኩላት፣ ከብሩ ሥር፣ ከእኔ በላይ። ከስሟ ሥር ባዶ ነው። «ልጆቼ የሉም?» አለች። «ጋሼ ስማቸውን በእርግጥ ስለማያውቁ ነው፣ ነግረሻቸው አታውቂም» አልኳት።  ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ጻፊ» አለችኝ። እስከዳር፣ ቀጥሎ ፀጋ። ፊደል በፊደል እየነገረችኝ፣ እየተመለከተችኝ።

ሰላም በይልኝ አላለችም ጋሼ። ያላለችውን ብላለች ብዬ አልጽፍልዎትም። ከወጣች በኋላ ግን ከመንገዱ ተመልሳ በበሩ ብቅ አለችና፣ «የክርስትና ስማቸውንም አስገቢው፣ እሳቸው ያለ እሱ አይቀበሉም» አለችኝ።

አስገብቼዋለሁ።

ልጅዎ ጽናት